ግማሽ ሰደርያ

የምኖርባት ከተማ ስም አላት። የማልናገረው ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ስሟን ባወጣው ነገ ጠዋት ግማሹ ዓለም ጓዙን ጠቅልሎ እኔን ሊያይ ይመጣል፤ እኛ ጋ ደግሞ የእንግዳ ማደሪያ ሁለት ብቻ ነው፣ የአንዱም ጣራ ያፈሳል። ስለዚህ ለጊዜው ከተማዋ እንዲሁ «ከተማ» ትባል።

ቢሻው እባላለሁ። ሙያዬ ጓጊነት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጓጉቻለሁ። ከእኔ በፊት ጓጊ ነበር ለማለት ይከብደኛል፤ ከእኔ በኋላም የሚኖር አይመስለኝም።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በከተማችን ባለ ወግ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ሁሉም ከአመድማ ሱፍ የተሰፋ አንድ ዓይነት ካባ ይለብሳሉ፤ ማዕረጋቸው የሚታወቀው ከካባው ጀርባ በተንጠለጠለው ዘርፍ ብዛት ነው። ባለ አንድ ዘርፍ አለ፣ ባለ ሁለት አለ፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት ይወጣል። ባለ አምስት ዘርፍ ሲቀመጥ ዘርፉን ከኋላ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ባለ ወግ በተሾመ ቀን ወግ ቤት ከሚባለው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆሞ «አላየሁም፤ አልጓጓሁም» ብሎ ይምላል። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ገበያ መሐል ቆሞ «ይህ እንዴት ያምራል» ካለ፣ ያ ነገር እስከ ዛሬ አልነበረውም ማለት ነው። ያልነበረውን ሰው ደግሞ ማን ይሾመዋል?

ባለ ወግም ግን ሰው ነው፤ ቆንጆ ነገር ይፈልጋል። ይቅርታ፣ አይፈልግም፤ ይገባዋል። እኛ የተፈጠርነው ለዚህ ነው። ጓጊው በባለ ወጉ ስም ገበያ ይወጣል፤ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ያገላብጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ይገዛል። ከጎኑ ደረት ዳሳሽ የሚባል የወግ ቤት ጸሐፊ ይከተለዋል። ጓጊው አንድ ነገር ሲወድ ዳሳሹ መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፍና፣ በሌላ እጁ የአንድ ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ገልብጦ፣ የልቡን ምት ቆጥሮ ወረቀት ይጽፋል፤ «ስለዚህ ቀበቶ መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ተመትቷል» ብሎ። ቀበቶው በሣጥን ይታሸግና ከወረቀቱ ጋር ወደ ባለ ወጉ ቤት ይላካል። ሣጥኑ አይከፈትም። ከተከፈተማ መታየት ይመጣል። ግብዣ በሆነ ቀን ባለ ወጎቹ አመድማ ካባቸውን ለብሰው በተርታ ይቀመጡና ወረቀት ለወረቀት ይነባበባሉ። «የእሱ አለባበስ እኮ ይለያል፤ ከመቶ ሠላሳ ወርዶ አያውቅም» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ የባለ ሦስት ዘርፉ የወንዳፍራሽ ጓጊ ነበርኩ። ልቤ አገር ያወቀው ልብ ነው። አንድ ጊዜ ከቆዳ ተራ አንዲት ቡናማ ቦርሳ አይቼ ሲመታ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው እያጨበጨቡ ወጥተዋል። ዳሳሹ ቀኝ እጁ ዝሎ ሦስት ቀን በግራው ጻፈ። እማኞች አሉኝ፤ አንዱ ሞቷል፣ ሁለተኛው ጆሮው አይሰማም እንጂ።

የከተማው ባለ እጆችም ቀስ በቀስ ነገሩ ገባቸው። የሚያምር ነገር መሥራት አድካሚ ነው፤ የሚያስደነግጥ መሥራት ግን ይቀላል። አንዱ ልብስ ሰፊ በኮት ገበር ውስጥ ንብ እየሰፋ መሸጥ ጀመረ። እያንዳንዱ ኮት ከመቶ ሃምሳ በታች አያስመታም ነበር። ወግ ቤት ንቡን የከለከለው አንድ ባለ አራት ዘርፍ ቤት ውስጥ ሣጥኖቹ ማር ማንጠባጠብ ሲጀምሩ ነው። ጓጊዎቹም አልሰነፉም። ገበያው ከዳገት በላይ ስለሆነ፣ ዳገቱን በሩጫ እየወጡ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ከመጀመሪያው ሱቅ በር ላይ መጓጓት ፈሊጥ ሆነ። ለአንዲት መሀረብ መቶ ስድሳ ያስጻፈ አለ።

ልዋሽ አልችልም፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እኔም ሮጫለሁ። ሃያ ዓመት በሰው ስም የጓጓ ልብ የኪራይ ቤት ይመስላል፤ ሁሉም ገብቶ ወጥቶበታል፣ የእኔ የሚል ግን የለም። ወርቅ አሳዩኝ፣ ሐር አሳዩኝ፤ ውስጤ ፀጥ። ይህን ከእኔና ከሚስቴ ከዘውድነሽ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷም ያወቀችው አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ወንዳፍራሽ አራተኛ ዘርፍ ሊጨመርለት ታሰበ። የቀረው ከመቶ ሃምሳ በላይ የሆነ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። አስጠርቶኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመና «ቢሻው፣ አራተኛው ዘርፍ የሚንጠለጠለው ካንተ ደረት ላይ ነው» አለኝ። «ካልሆነ ሌላ ደረት እንፈልጋለን።»

በማግሥቱ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ሮጥኩት። አንደኛው ለወንዳፍራሽ፣ ሁለተኛው ለእንጀራዬ። ደረት ዳሳሹ ልሳነወርቅ አሸዋውን በጉያው ይዞ በዝግታ ይከተለኛል፤ ይህ ሰው ተቻኩሎ አያውቅም፣ ስቆም ይደርስብኛል። ሐር ተራ ገባን፤ ዘጠና። ጌጥ ተራ ገባን፤ ሰማንያ አምስት። ጭራሽ እየወረድኩ ሄድኩ። ላቤን ለመጥረግ ከገበያው ጫፍ፣ ከእትዬ ማንጠግቦሽ መደብ አጠገብ ቆምኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ የምትሸጠው ከየቤቱ የተረፈውን ነው፤ ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን፣ የወላለቀ ቁልፍ በቆርቆሮ። ጓጊ እዚያ አይቆምም።

ቀና ስል አንድ ሰደርያ ተሰቅሏል።

ቀለሙ የወይራ ቅጠል ጀርባ ነው፤ አረንጓዴ ነው ስትሉት ብር የሚመስል፣ ብር ነው ስትሉት የሚሸሽ። አምስት ቁልፍ አለው፣ አምስቱም አይመሳሰሉም፤ አንዱ አጥንት፣ አንዱ ነሐስ፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ዛጎል፣ የታችኛው ቀይ። ገለጥ ሳደርገው ገበሩ ላይ ቀጫጭን ቢጫ መስመር ወርዷል፤ ያንን የሚያየው የለበሰው ሰው ብቻ ነው። ኪሱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ኪስ አለች። ለምን እንደተሰፋች አላውቅም፣ ግን ያለእሷ መኖር እንደማይቻል ወዲያው ገባኝ።

«እትዬ፣ ይህ የማነው?»

«የሚገዛው ሰው ነው» አለች፣ ምሳዋን እየጎረሰች።

«ማን ሰፋው?»

«እጅ ያለው ሰው። ልትገዛ ነው ወይስ ልትመረምረኝ?»

ጓጊ ዕቃ አይለካም፤ ነውር ነው። እኔ ግን እጄ ገብቶ አገኘሁት። ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ሆዴ ላይ፣ ሁልጊዜ ሁሉም ልብስ በሚጣላው ቦታ፣ በሰላም ተዘጋ። የሆነ ሰው እኔን ሳያውቀኝ አስቦኛል ብዬ አሰብኩ። ያኔ የልሳነወርቅ መዳፍ ደረቴ ላይ ዐረፈ፤ አሸዋው ተገለበጠ። መሐል ላይ የምሳ ደወል ሲደወል ሰማሁ። አሸዋው አለቀ።

«መቶ ስድሳ አራት» አለ ልሳነወርቅ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። «ለባለ ሦስት ዘርፉ ለወንዳፍራሽ ብዬ ልጻፍ?»

ሣጥኑ ታየኝ። ከሣጥኑ በላይ ሌላ ሣጥን፣ ከዚያ በላይ ሌላ።

«አትጻፍ። የኔ ነው።»

«ምን አልክ?»

«የኔ ነው አልኩህ። ልኬ ነው።»

«ጓጊ ልክ የለውም» አለኝ፣ ሊሰድበኝ ፈልጎ ሳይሆን ደንቡ እንደዚያ ስለሚል። «ወንዳፍራሽ ይህን ከሰሙ ሥራህ አለቀ።»

«እስቲ ይለቅ» አልኩና ሒሳቡን ከፍዬ ሄድኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከኋላዬ «እንዲህ ነው ገዢ» ስትል ተሰማኝ።

ሰደርያውን የለበስኩት ግማሽ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ወግ ቤት አስጠራኝ። ጓጊ ለራሱ ሲጓጓ በከተማው ታሪክ የመጀመሪያው ስለነበር አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ፤ በቁጥር ሠላሳ ሺህ ሰው ይሆናል። አደባባዩ ሁለት መቶ ይይዛል የሚሉ አሉ፤ እነሱ እኔ የቆምኩበት አልቆሙም።

ዳኛው ባለ አምስት ዘርፍ ነው። የወንዳፍራሽ ጠበቃ ተነሣና «የዚህ ሰው ልብ ከጠዋት ደወል እስከ ማታ ደወል የደንበኛዬ ንብረት ነው፤ በንብረቱ የተገኘውም የእሱ ነው» አለ።

«የምሳ ደወል ተደውሏል» አልኩ እኔ። «በምሳ ሰዓት ልቤ የራሴ ነው።»

ጉዳዩ እዚህ ላይ ጠበቀ። እትዬ ማንጠግቦሽ ለምስክርነት ቀረበች።

«ደወሉ ሲመታ ምን ላይ ነበርሽ?» አላት ዳኛው።

«ሽሮዬ ላይ።»

«መብላት የጀመርሽው ከደወሉ በፊት ነው በኋላ?»

«እኔ የምበላው ሲርበኝ ነው። ደወሉ ነው እኔን ጠብቆ የሚመታው።»

ጸሐፊው «ደወሉ በምስክሯ ረሃብ የሚመራ መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ መዘገበ። ከዚያ ልሳነወርቅ መዝገቡን ገልጦ ሰማንያ ሁለቱ ምት ከደወሉ በፊት፣ ሰማንያ ሁለቱ ከደወሉ በኋላ መሆኑን አስረዳ። ዳኛው ፊቱ በራ። ሒሳብ እንዲህ እኩል ሲመጣለት በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ሕጉ ግልጽ ነው» አለ። «ሰደርያው ከጀርባው መሐል ለመሐል ይቆረጥ። ቁልፍ ያለበት ቀኙ ለባለ ሦስት ዘርፉ፣ ቀዳዳ ያለበት ግራው ለጓጊው። ጓጊው ከሥራው ተሰናብቷል። ፍርዱ እንዲታይ ሁለቱም ግማሾች ለሠላሳ ቀን በየባለመብቱ ቤት ይሰቀሉ ወይም ይለበሱ።»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። «ተውት፣ አይቆረጥ፣ ሙሉውን ይውሰድ» እንድል የጠበቁ ነበሩ። አላልኩም። ወንዳፍራሽም አላለም፤ እሱ ምን እንደሚቆረጥ አላየውም ነበር፣ ዓይኑ ሰማዩ ላይ ነው። መቀሱ በሰደርያው ጀርባ ላይ ሲወርድ ልቤ ስንት ጊዜ እንደመታ የቆጠረ የለም። የዳሳሹ የሥራ ሰዓት አልቋል።

ግማሹን በሲባጎ ከብብቴ ሥር አስሬ ለበስኩት። ዘውድነሽ አየችኝና «ሌላኛው ጎንህስ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በግራዬ በኩል ሰላም ይለኝ፣ በቀኜ በኩል ያዝንልኝ ጀመር። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በዚያች ትንሽ ኪስ ውስጥ ጣቴን ከትቼ ስወጣ፣ ልቤ ሳልሮጥ ይመታል። ሥራ የለኝም፤ ዳሳሽ የለኝም፤ ይመታል።

በአሥራ አንደኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ በራችን ተንኳኳ። ወንዳፍራሽ ነው፤ በእግሩ፣ ብቻውን።

«በዚህ ሳልፍ ነው» አለ።

ቤታችን መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ነው፤ ከእኛ ወዲያ ገደል ነው። በእኛ በኩል የሚያልፍ ሰው የለም።

«ይግቡ፣ ጌታዬ።»

ገባና ቆመ። ደረቴን ላለማየት ሲል ምድጃውን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ዘውድነሽን አየ። «ያ እንኳ… እልፍኜ ግድግዳ ላይ ያለው…»

«ፍርዱ?»

«አዎ፣ ፍርዱ። ተኝቼ ስነሣ ፊት ለፊቴ ነው፣ ምን ላድርግ? ያቺ የነሐሷ ቁልፍ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኛት…» ዓይኑን ወደ ምድጃው መለሰ። «አላየሁም።»

«አላዩም» አልኩት።

«ነገር ግን ቁልፎቹ የት ገብተው እንደሚያርፉ ማወቅ… ለፍርዱ አፈጻጸም ይረዳል።»

«ቀዳዳዎቹን ሊያዩ ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው ደህና ይዋሉ።»

አልሄደም። ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባውን ሰጥቶኝ ያናገረኝ ሰው ነው፤ ይቅር ብለው ቅዱስ እሆን ነበር፣ ቤታችን ደግሞ ለቅዱስ አይበቃም። ጣቴን ከትንሿ ኪስ እያወጣሁ እያስገባሁ ቆየሁ።

ዘውድነሽ ሰለቻት። «ጌታው፣ ይህ ሰው ሊያስለምንዎት ነው። ይበሉትና ይገላገሉ።»

ወንዳፍራሽ ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ከዚያ በሰው ቤት መጸዳጃ የት እንደሆነ የሚጠይቅ እንግዳ በሚናገርበት ድምፅ «ጓጓሁ» አለ።

መዳፌን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ይመታል። ለሃምሳ ስምንት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ ልብ እንደዚያ ይመታል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ግማሽህን ሽጥልኝ።»

«አልሸጥም። የእርስዎን ይስጡኝ።»

«አልሰጥም።»

ከካባው ሥር የራሱን ግማሽ አወጣ፤ ይዞት ነው የመጣው። ሁለታችንም ግትር ስለሆንን የቀረን አንድ መላ ነበር። እሱ በቀኜ ቆሞ ግማሹን ለበሰ፤ ዘውድነሽ ቁልፎቹን ከእኔ ቀዳዳዎች ውስጥ አስገባች። አንድ ሰደርያ ለብሰን፣ ጎን ለጎን ተጣብቀን፣ መስታወቱ ፊት ቆምን። መስታወታችን ጠባብ ነው። የታየን የእሱ አንድ ጆሮ፣ የእኔ አንድ ጆሮና መሐል ላይ አምስቱ ቁልፎች ናቸው። ዘውድነሽ እየሳቀች ወደ ጓሮ ወጣች።

«እንዲህ ያለ ሌላ አይገኝም?» አለኝ በጆሮዬ።

«እሱን የምታውቀው የሸጠችው ሴት ናት።»

«የት ነች?»

ገበያ በየት በኩል እንደሚኬድ አያውቅም ነበር። ቁልፎቹን ፈታን፤ ይዤው ወጣሁ። ዳገቱን ሲወጣ ዘርፎቹ ከኋላው እየተማቱ ነበር። ሻጩ ሁሉ ሲያየው ከመደቡ ተነሣ፤ ባለ ወግ በእግሩ ገብቶ አያውቅም።

«ሌላ የለኝም» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ። «አንድ ነበር፤ እሱን ቆረጣችሁት። ሌላ ሌላውን ይዩ፤ ማየት ምን አለበት።»

ወንዳፍራሽ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ በሁለት እጁ ማገላበጥ ጀመረ። ክዳኑን አንሥቶ ድስቱን አየ፤ ቁልፍ ከቆርቆሮው ዘግኖ በመዳፉ አንሻራሸረ። ከሥር አንድ ባርኔጣ ተገኘ። የእንቁላል አስኳል ዓይነት ቢጫ ነው። አንዱ ጠርዙ ወርዷል፣ ሌላው ተንጨፍሯል፤ ላዩ ላይ ከየትኛው ወፍ እንደሆነ ወፏ ራሷ የማታውቀው ላባ ተሰክቷል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያየሁት አስቀያሚ ነገር ሁሉ ቢደመር ያንን ባርኔጣ አያህልም።

አጠለቀው። እትዬ ማንጠግቦሽ የተሰነጠቀ መስታወት አቀበለችው።

ልሳነወርቅ ወሬው ደርሶት፣ ሳይቻኮል፣ መጣ። መዳፉን በወንዳፍራሽ ደረት ላይ አሳርፎ አሸዋውን ገለበጠ። «መቶ ሰባ አንድ» አለና ከኪሱ ትንሽ መቀስ አወጣ።

«ከጎን እንዴት ነው?» አለ ወንዳፍራሽ።

ልሳነወርቅ አንደኛውን ዘርፍ ቆረጠ።

«ወደ ግንባሬ ዝቅ ላድርገው?»

ሁለተኛውን ቆረጠ።

«ላባው በግራ ይሁን በቀኝ?»

ሦስተኛውን ቆረጠ። እትዬ ማንጠግቦሽ ሦስቱንም ከመሬት አንሥታ አቧራቸውን አራገፈችና ከመደቧ ላይ ሰቀለቻቸው። «ለመጋረጃ ይሆናሉ» አለች።

ወንዳፍራሽ ወደ እኔ ዞረ። «ቢሻው፣ አንተ ታውቃለህ። ያምራል?»

እንድዋሽ ሃያ ሁለት ዓመት ተከፍሎኛል። ያን ቀን ግን ሥራ አልነበረኝም።

«አያምርም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ፤ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል፣ እስከ ድዱ እየሳቀ። በእሱ ስም ስንት ጊዜ እንደጓጓሁ አልቆጠርኩትም፤ ያንን ፊት ግን አንድም ቀን አላገኘሁለትም ነበር። ቀናሁ፤ ይኸው ተናገርኩ።

ከዚያ በብብቱ ያለው ግማሽ ሰደርያ እጁን ስለያዘው «ይህን ያዝልኝ» ብሎ ሰጠኝና ወደ ጫማ ተራ ነጎደ።

«ጌታዬ፣ ግማሽዎ» ብዬ ተጣራሁ።

«ውሰደው» አለ ሳይዞር። «ላንተ ይስማማል።»

በዚያኑ ቀን ሁለቱን ግማሾች ከጀርባ አሰፋሁ። መቀሱ ያለፈበት ስለተተረተረ ሰፊው ከዚህም ከዚያም አጠፈው፤ ስፌቱ ሁለት ሁለት ጣት በላ። ለበስኩት። ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ሆዴ ላይ ግን አልዘጋ አለ፤ በነሐሷ ቁልፍና በቀዳዳዋ መሐል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ትንፋሼን ሳብኩ፤ ዘውድነሽ ጉልበቷን ሆዴ ላይ አድርጋ ጎተተች፤ ምንም።

«እንዲህ ነው የሚለበሰው» አልኳት።

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ።»

ሳይቆለፍ ለብሼው ወጣሁ። የጠየቀኝን ሁሉ፣ መቆለፍ የድሮ ነው አልኩት። ወር ሳይሞላ የከተማው ጎረምሳ በሙሉ ሰደርያውን ከፍቶ ይሄድ ጀመር፤ ሰደርያ የሌለው ኮቱን፣ ኮት የሌለው ሸሚዙን። ወግ ቤት ነገሩ ልቅ እንዳይሆን ሰጋና የክፍተት ሹም ሾመ። ሹሙ ክር ይዞ ቤቴ መጣ፤ ተንፍስ አለኝ፣ ተነፈስኩ፣ ለካኝ፣ መዝግቦ ሄደ። አሁን በከተማችን የማንኛውም ሰው ልብስ ፊት ለፊት መከፈት ያለበት አራት ጣት ነው፤ ደንቡ ወጥቶ ማኅተም ተመትቶበታል። በየዓመቱ ሹሙ መጥቶ ይለካኛል። ዘንድሮ አምስት ጣት ሆኗል፤ ከተማው በሙሉ ልብሱን ይዞ ሰፊ ደጅ ተሰልፏል።